ሴፍትኔት በወላይታ

ጥር ሲገባ በዳሞት ጋሌ ወይም በቦሎሶ ሶሬ ተዳፋት ላይ በማለዳ ዶማና አካፋ ይዞ የሚሰበሰበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሴፍትኔት ተጠቃሚ ነው። ፎርማኑ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ቀኑ አይያዝለትም። ከዚያ «ፋንያ ጁ» ወደሚባለው እርከን ሥራ ይገባል። ቦዩ ተዳፋቱን አግድም ይዞ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ላይ ይወረወራል። ወደ ታች ቢጥሉት ይቀላል፤ ግን ከቦዩ በላይ የተከመረው አፈር ነው ጎርፉ የሚያወርደውን ለም አፈር ይዞ በዓመታት ውስጥ ማሳውን እየደለደለ የሚሄደው።

የልማታዊ ሴፍትኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያንን ለእርዳታ ዳርጎ ነበር። በቀድሞው አሠራር እህል የሚለመነው ረሃቡ ከገባ በኋላ ነው፤ እርዳታው እስኪደርስ ገበሬው ላሙን ሸጦ ይጨርሳል። ስለዚህ በየዓመቱ ለሚራበው ሰው በጀቱ አስቀድሞ እንዲያዝ ተወሰነ። መንግሥት፣ የዓለም ባንክ፣ የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲና ሌሎችም ተባበሩበት።

አንድ ሰው በወር 5 ቀን፣ ለ6 ወር ይታሰብለታል። መጀመሪያ ላይ የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ሥራው በቤተሰብ ቁጥር ስለሚሰላ፣ 5 ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 ቀን ይወጣል፤ ይህ ሁሉ አንዳንዴ በሁለት ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ሳይሠሩ «ቀጥታ ድጋፍ» ያገኛሉ። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚያጣራው የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው፤ ቅሬታውም የሚበዛው እዚያው ላይ ነው።

ለችግረኛ ሥራ ሰጥቶ መርዳት በአሜሪካም የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1935 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ለዚሁ ዓላማ አንድ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ፣ በ8 ዓመት ውስጥ 8.5 ሚሊዮን ያህል ሥራ አጦችን መንገድ፣ ድልድይና ትምህርት ቤት አሠርቷል። የሴፍትኔት ስም በፖለቲካው አፍ የገነነው ግን እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሮናልድ ሬገን በጀት በሚቆርጡበት ሰዓት ነው፤ ሌላው ቢነካም ለእውነተኛ ችግረኛ የተዘረጋው መረብ አይነካም ለማለት። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠውን የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ በ5 ዓመት ገደበው።

የእኛው ገደብ «ምረቃ» ይባላል። ሀብት ያፈራ ቤተሰብ ከሴፍትኔት ተመርቆ ይወጣል። ወላይታ በሬ ማድለብ ያውቅበታል፤ በብድር የተገዛ ወይፈን ለወላይታው ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ሰንጋ ሆኖ ሲሸጥ ጥሩ ገንዘብ ያመጣል። እኔ ግን ምረቃው ሲነገር ስለ መሬቱ ዝም መባሉ አይዋጥልኝም። የብዙው ገበሬ ይዞታ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። እንሰቱ፣ ስኳር ድንቹና በቆሎው አገሩን ስለሚያለብሱት፣ ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ መንገደኛ ረሃብ ያለ አይመስልም፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውም ለዚህ ነው። አባትየው ቢመረቅ እንኳ፣ ያችው ማሳ ለሦስት ወንድ ልጆች ስትካፈል አንዱ ወደ ሶዶ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የቀሩት ደግሞ ለመመዝገብ ወደዚያው ግብረ ኃይል ይመጣሉ።