በብረት ላይ ስለሚታተም ሥዕል አመራረጥና አያያዝ

የቤት ጌጥ የባለቤቱን ጠባይ ይገልጣል። ስለዚህ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ሲገዛ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ምንነቱንም መመርመር የተገባ ነው። በዛሬው ዘመን የታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ግልባጭ በወረቀትና በሸራ ብቻ ሳይሆን በስስ አሉሚኒየም ላይም እየታተመ ይሸጣል። ብዙ ሰውም «ብረት ነውና አይበላሽም» ይላል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን እኛ በገዛ ቤታችን ጉዳት ተምረነዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአሉሚኒየሙ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ ፊቱ ቀለም በሚቀበል ስስ ልባስ ይሸፈናል። ሥዕሉ አስቀድሞ በልዩ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱም ከብረቱ ጋር ተገጥሞ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ሲጫን፥ ቀለሙ ወደ ተንነት ተለውጦ በልባሱ ውስጥ ይሰርጻል። እንግዲህ ሥዕሉ ያለው በልባሱ ውስጥ ነው እንጂ በብረቱ ውስጥ አይደለም።

ስለ ምርጫው አንድ ምሳሌ እንስጥ። የሆላንዱ ሠዓሊ ዮሐንስ ቬርሜር በ1660 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣለው፥ ወተት የምትቀዳው የቤት ሠራተኛ ሥዕል በአምስተርዳም በራይክስ ሙዚየም ይገኛል። የሥዕሉ ቁመት 45.5፥ ወርዱ 41 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጸጥተኛ ሥራ ግድግዳ እስኪሞላ ቢተልቅ ጸጥታውን ያጣል፤ ስለዚህ ከዋናው ልክ እጅግ አለመራቅ ይበጃል። ደግሞም ብረቱ ነጭ መደብ ያለው መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ነጭ መደብ ከሌለው ነጭ መሆን በሚገባው ስፍራ የብረቱ መልክ ስለሚታይ፥ ወተቱ አመድማ ይመስላል። በመስኮት ትይዩ ለሚሰቀል ሥዕል የሚያብረቀርቀው ሳይሆን ደብዛዛው ፊት ይመረጣል፤ አለዚያ ከሥዕሉ ይልቅ የመስኮቱ ብርሃን ይታያል።

የሠዓሊውም መብት አይዘንጋ። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ሥራውን በሠዓሊው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የቬርሜር ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ያረፉት የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ግን ገና በጥበቃ ላይ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ለማተም ፈቃድ አለህን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በመዝገብ ቤት እንደምናውቀው፥ ግልባጭ የሚከበረው ግልባጭነቱን ሳይሸሽግ ለዋናው ታማኝ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ጉዳታችን እንመለስ። ባንድ የበዓል ዋዜማ ቤቱን ስናሰናዳ፥ በሥዕሉ ላይ የዕጣንና የቡና ጢስ ተለጥፎበት አገኘን። አያታችን የነሐሱን ሳሕን በሎሚና በአመድ ፈትገው ሲያበሩት እናይ ነበርና፥ እኛም እንደዚያው አደረግን። ጢሱ ለቀቀ፤ ነገር ግን የሴቲቱ ፊት በጭረት ተሞላ። ልባሱ አንድ ጊዜ ከተጫረ መልሶ የሚያድሰው የለም። በማግሥቱ እንግዶቻችን ሲገቡ ሥዕሉን ዞር ብለን አላየነውም።

ስለዚህ የቤት እመቤቶችና አባወራዎች ይህን ይጠብቁ። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ማራገፍ፤ ጢስ ወይም ቅባት ቢነካው ጨርቁን በንጹሕ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና አርጥቦ በቀስታ መጥረግ፥ ወዲያውም ማድረቅ። ውኃው በጨርቁ ላይ እንጂ በሥዕሉ ላይ አይፈሰስ። አመድ፥ አሸዋ፥ የብረት መፈተጊያና በረኪና ከቶ አይንኩት። ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያደበዝዝ ጥላ ያለበትን ግድግዳ መምረጥ ያሻል። ጠርዙ ስለት ሊኖረውና ሲወድቅም ሊጣመም ስለሚችል ሕፃናት ከማይደርሱበት ከፍታ ላይ ይሰቀል። ቤት ሲለወጥም በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ለስላሳ ጨርቅ ይደረግ እንጂ ፊት ለፊት አይደራረቡ።

ስሙ ብረት ቢባልም ውበቱን የተሸከመው ስስ ልባስ ነው። ይህን ያወቀ ሰው እኛ ያዘንነውን ኀዘን አያዝንም።