ትንሹ ያሳድጋል፣ ትልቁ ይወስዳል
የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የአሰልጣኞች ገበያ እንዴት ይሠራል?

በኖቬምበር 2023 በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ገበያ ሁለት ውሳኔዎች ሦስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ተላለፉ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያው ውሳኔ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኙን ሚስተር ጂምቦ ፊሸርን አሰናበተ። ውላቸው እስከ 2031 የሚዘልቅና ሙሉ ዋስትና ያለው ስለነበረ ዩኒቨርሲቲው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍላቸው ተገደደ። ሰውዬው ይህን ገንዘብ የሚያገኙት ቤታቸው ተቀምጠው ነው። በሁለተኛው ውሳኔ ደግሞ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ከቨርጂኒያው ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የ62 ዓመቱን አሰልጣኝ ሚስተር ከርት ሲግኔቲን ወሰደ። ሚስተር ሲግኔቲ በቀድሞ ሥራቸው በዓመት 700 ሺህ ዶላር እንኳ የማይሞላ ደመወዝ ነበራቸው። ኢንዲያና በአማካይ 4.5 ሚሊዮን ያህል ሰጣቸው።

ከሁለቱ የትኛው የተሻለ ግዢ እንደነበረ ዛሬ መናገር ቀላል ነው። ይህ ገጽ ሊያይ የፈለገው ግን ከገዢዎቹ ይልቅ ሻጩን ነው። ሱቁ ውስጥ ሠራተኛ አሠልጥኖ ለነጋዴነት ያበቃ፣ በኋላም ሠራተኛው ደንበኛውን ይዞ ለጎረቤት ባለ ትልቅ ሱቅ ሲያድር የተመለከተ ነጋዴ የጄምስ ማዲሰንን ነገር ለመረዳት አይቸግረውም። ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ለምን ያሳድጋል? ለምን ይነጠቃል? ከተነጠቀስ በኋላ ምን ይቀረዋል?

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

በአሜሪካ በከፍተኛው የኮሌጅ ፉትቦል ደረጃ የሚጫወቱት ዩኒቨርሲቲዎች ከ130 ይበልጣሉ። ጨዋታው እኛ እግር ኳስ የምንለው አይደለም፤ በአብዛኛው በእጅ የሚጫወቱት ሞላላ ኳስ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበሮች ተደራጅተው ይወዳደራሉ፤ የቴሌቪዥን መብታቸውንም የሚሸጡት በኮንፈረንሳቸው በኩል ነው። እስከ 1984 ድረስ ይህን መብት አንድ ላይ ይዞ የሚያከፋፍለው ኤንሲኤኤ የተባለው አገር አቀፍ የኮሌጅ ስፖርት ድርጅት ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የድርጅቱ ቁጥጥር የንግድ ውድድርን ይገድባል ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ገበያው ለባለ ብዙ ተመልካቹ አደላ። ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ በ2022 የፈረመው የቴሌቪዥን ውል በሰባት ዓመት ውስጥ 7 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚያስገኝ ነው። እንደ ጄምስ ማዲሰን ያሉት ትንንሾቹ ከየኮንፈረንሳቸው የሚደርሳቸው የቴሌቪዥን ድርሻ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ታዲያ ትንሹ በምን ይኖራል? አንዱ ገቢው ሽንፈትን መሸጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በውድድር ዓመቱ መጀመሪያ በሜዳው ቀላል ድል ይፈልጋል፤ ትንሹ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ትልቁ ከፍሎ ይጋብዛል፣ ትንሹ ሄዶ ተሸንፎ ቼኩን ይዞ ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ዕቃው ገዢው እንዳሰበው አይሆንም። በሴፕቴምበር 2007 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለአፓላቺያን ስቴት 400 ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች በተገኘበት በገዛ ሜዳው 34 ለ32 ተሸነፈ። በሴፕቴምበር 2024 ኖተርዳም ለኖርዘርን ኢሊኖይ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ 16 ለ14 ተረታ። ያው ኖተርዳም በዚያው የውድድር ዓመት እስከ ዋንጫው ፍጻሜ ደርሷል። በሁለቱ ቼኮች መካከል ያለው ልዩነት የሽንፈት ዋጋ በ17 ዓመት ምን ያህል እንደናረ ያሳያል።

ሁለተኛው የገቢ ምንጭ ተማሪው ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ከስፖርት ክፍሉ በጀት ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሚሸፈነው ከትምህርት ክፍያ ጋር ተደምሮ ተማሪው በሚከፍለው ገንዘብና ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ድጎማ ነው። ስታዲየም ገብቶ የማያውቀውም ተማሪ ይከፍላል። በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በሚያስተምሩባት በቨርጂኒያ ይህ ነገር የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ በ2015 በሕግ ገደብ ተበጅቶለታል። እንደ ጄምስ ማዲሰን በሁለተኛው የፉትቦል እርከን ላይ ለነበረ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪ ክፍያ ሊመጣ የሚችለው የስፖርት ገቢ ጣሪያ 70 በመቶ ሲሆን፣ ወደ ላይኛው እርከን ለወጣ ግን ሀብታም ኮንፈረንስ ውስጥ ላልገባ 55 በመቶ ነው። ጄምስ ማዲሰን በ2022 ወደ ላይኛው እርከን ሲወጣ ወጪው ጨመረ፣ ከተማሪው ኪስ ሊወስድ የሚፈቀድለት ድርሻ ግን ጠበበ። ክፍተቱን በትኬት፣ በስጦታና በስም ሊሞላው ነው የገባበት። ስም ደግሞ የሚገኘው በማሸነፍ ነው።

ርካሹ ማሽን

ትንሹ ዩኒቨርሲቲ የተጫዋች ገበያ ላይ ከትልቁ ጋር ሊጫረት አይችልም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለስፖርተኞቻቸው ማከፋፈል ችለዋል። ይህ ጣሪያ ለሀብታሙ መነሻ ነው፤ ለትንሹ ከሕልም አይለይም። ስታዲየሙን ማስፋት ብድር ይጠይቃል፤ የመለማመጃ አዳራሽ ዓመታት ይወስዳል። በትንሽ ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ ውጤት ሊቀይር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሰልጣኙ ነው። በገበያው ላይ ዋጋው ገና ያልታወቀ ጥሩ አሰልጣኝ በ600 ወይም በ700 ሺህ ዶላር ሊገኝ ይችላል።

ሚስተር ሲግኔቲ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናቸው። በ2011 በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በታላቁ አሰልጣኝ በሚስተር ኒክ ሴባን ሥር ይሠሩ ነበር። ያንን ትተው፣ ደመወዛቸው ዝቅ ብሎም ቢሆን፣ ስሙን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፔንሲልቫኒያ (ከትልቁ ኢንዲያና ጋር አይገናኝም) ዋና አሰልጣኝ ሆነው ሄዱ። ከዚያ ኢሎን፣ ከዚያ ጄምስ ማዲሰን። በጄምስ ማዲሰን 52 ጨዋታ አሸንፈው 9 ብቻ ተሸንፈዋል። ለረጅም ጊዜ ማንም ትልቅ ገዢ አልጠየቃቸውም፤ ገበያው ዕድሜያቸውንና የመጡበትን ቦታ እያየ ዋጋቸውን ዝቅ አድርጎ ሰጥቷል። በእኔ እምነት ትንንሾቹ የሚጠቀሙት ይህን የገበያ ስህተት ነው።

ችግሩ ስህተቱ የሚታረምበት መንገድ ነው። አሰልጣኙ ባሸነፈ ቁጥር ዋጋው በአደባባይ ይታወቃል፤ ዋጋው ሲታወቅ ትንሹ መክፈል አይችልም። ለአሠሪው ያስገኘው ድል ራሱ አሠሪውን ያሳጣዋል። አፓላቺያን ስቴት በ2018 መጨረሻ አዲስ አሰልጣኝ ቀጥሮ በአንድ ዓመት 12 ጨዋታ ሲያሸንፍ፣ ሰውዬው የመጨረሻውን ጨዋታ እንኳ ሳይመሩ ወደ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከሚስተር ሲግኔቲ ጋርም 13 የጄምስ ማዲሰን ተጫዋቾች ወደ ኢንዲያና ተሻግረዋል። ተጫዋች እንደ ልቡ ዩኒቨርሲቲ መቀየር ከቻለ ወዲህ አሰልጣኝ ብቻውን አይሄድም፤ ሱቁን ከነመደርደሪያው ይዞ ይሄዳል።

የደጋፊዎቹ ክርክር

በአሜሪካ መሸታ ቤቶችና የስታዲየም ዙሪያ የመኪና ማቆሚያዎች ይህ ነገር ማለቂያ የሌለው ክርክር ነው። አንደኛው ወገን ሁሉንም የሚወስነው ገንዘብ ነው ይላል። ማስረጃ አያጣም። ሲንሲናቲ በ2021 የውድድር ዓመት ከሀብታሞቹ ኮንፈረንሶች ውጭ ሆኖ ወደ አራቱ የዋንጫ ተፋላሚዎች የገባ የመጀመሪያው ቡድን ሲሆን፣ በአላባማ 27 ለ6 ተሸንፎ ወጥቷል። ውድድሩ ወደ አሥራ ሁለት ቡድን ከሰፋ በኋላ በ2024 ቦይሲ ስቴት የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት አልፎ በሩብ ፍጻሜው በፔን ስቴት 31 ለ14 ተረትቷል።

ሌላው ወገን አሰልጣኝ ነው ይላል፤ ጣቱንም ወደ ኢንዲያና ይቀስራል። ኢንዲያና የሀብታሙ ቢግ ቴን አባል ሆኖ ለዘመናት ሲሸነፍ የኖረ፣ በአንድ የውድድር ዓመት አሥር ጨዋታ አሸንፎ የማያውቅ ቡድን ነበር። ሚስተር ሲግኔቲ በመጀመሪያው ዓመታቸው 11 አሸነፉ። በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ማያሚን 27 ለ21 ረትተው፣ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ የአገሪቱን ዋንጫ አነሱ። ያው ኮንፈረንስ፣ ያው የቴሌቪዥን ገንዘብ ቀድሞም ነበረ።

እኔ እንደማየው ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ትልቁ ነው። የኢንዲያና ታሪክ ገንዘብ ያለው ሰው ትክክለኛውን ሰው ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ያስተምራል፤ ኢንዲያና ሰውዬውን ለማቆየት በኦክቶበር 2025 በዓመት በአማካይ 11.6 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ አዲስ ውል መፈረም ችሏል። ጄምስ ማዲሰን ይህን ማድረግ አይችልም። የትንሹ ጥያቄ የተለየ ነው፦ ሰውዬው መሄዱ ካልቀረ፣ ሲሄድ ምን ጥሎ ይሂድ?

አንዱ መልስ ውሉ ውስጥ ነው። አሰልጣኙ ውሉን አፍርሶ ሲሄድ እሱ ወይም አዲሱ አሠሪው የሚከፍለው የማፍረሻ ገንዘብ አለ። ትንሹ ይህን ከፍ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል፤ ነገር ግን በጣም ከፍ ካደረገው ጥሩ ሰው መጀመሪያውኑ አይፈርምለትም። ገና ያልተፈተነ አሰልጣኝ ትንሹ ዘንድ የሚመጣው በሩ ክፍት ስለሆነለት ነው። በዚህ በኩል የተጻፈው ገንዘብ ለአዲስ ፍለጋ ወጪ ይበቃ ይሆናል እንጂ የጠፋውን አይተካም።

ይበልጥ የሚያዋጣው መልስ የቦይሲ ስቴት ነው። በአይዳሆ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1986 ሜዳውን ሰማያዊ ያደረገው የሚያየው እንዲያጣ ስላልፈለገ ነው፤ ማስታወቂያ መሆኑ ነው። ትልቁ ጥበቡ ግን አተካኩ ላይ ነበር። በ2000 መጨረሻ አሰልጣኙ ወደ አሪዞና ስቴት ሲሄዱ ምክትላቸውን ሚስተር ዳን ሆኪንስን ሾመ። እሳቸው ወደ ኮሎራዶ ሲሄዱ ደግሞ በሥራቸው የነበሩትን ሚስተር ክሪስ ፒተርሰንን ሾመ። ሚስተር ፒተርሰን በመጀመሪያው ዓመታቸው፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2007፣ ኦክላሆማን 43 ለ42 አሸነፉ፤ በስምንት ዓመትም 92 አሸንፈው 12 ብቻ ተሸንፈው በ2013 መጨረሻ ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ተሿሚው ከውስጥ ስለሆነ አጨዋወቱ፣ ተጫዋቹ፣ የምልመላ መስመሩ ሳይበተን ቀጠለ። ዕውቀቱ ከአንድ ሰው ጭንቅላት ወጥቶ የቤቱ ሆነ።

ይህ መንገድም ቢሆን ዛሬ ጠቧል። በቦይሲ ዘመን ምክትል አሰልጣኝና ተጫዋች ባለበት ይቆይ ነበር፤ አሁን ሁለቱም በአንድ ሳምንት ይበተናሉ። ሁሉንም ነገር ትቶ መውጣትም ርካሽ አይደለም። በአላባማ ክፍለ ሀገር የበርሚንግሃሙ ዩኒቨርሲቲ ወጪው አላዋጣም ብሎ በዲሴምበር 2014 ፉትቦሉን ዘጋ። የከተማው ነጋዴዎችና ደጋፊዎች ገንዘብ ለማዋጣት ቃል ገብተው በስድስት ወር ውስጥ ውሳኔው ተሻረ፤ ቡድኑ በ2017 ሜዳ ተመለሰ፣ በ2018ም የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወሰደ። ሲዘጋ ያልታየው የገንዘብ ምንጭ የተገኘው ከተዘጋ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በ2025 የውድድር ዓመት ጄምስ ማዲሰንና ቱሌን ሁለቱም ወደ አሥራ ሁለቱ ገቡ። ሁለት ትንንሽ ቡድኖች በአንድ ዓመት ሲገቡ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሁለቱም አሰልጣኞች ግን የዋንጫው ጨዋታ ሳይጀመር ተሸጠው ነበር፤ የጄምስ ማዲሰኑ ለዩሲኤልኤ፣ የቱሌኑ ለፍሎሪዳ። በሁለት ልብ እየመሩ ሁለቱም በመጀመሪያው ዙር ተሸነፉ፤ ጄምስ ማዲሰን በኦሪገን 51 ለ34፣ ቱሌን በኦል ሚስ 41 ለ10። (ኦል ሚስም ቢሆን የራሱን አሰልጣኝ ከዋንጫው በፊት ለኤልኤስዩ አስረክቦ ነው የተጫወተው፤ ከትልቅ በላይ ትልቅ አለ።)

ቱሌን ተተኪውን ከውስጥ መረጠ። ጄምስ ማዲሰን ግን ሚስተር ቢሊ ኔፒየርን ቀጠረ። እኚህ ሰው በሉዊዚያና በአንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ 40 ጨዋታ አሸንፈው በፍሎሪዳ የተወሰዱ፣ ፍሎሪዳ ደግሞ በኦክቶበር 2025 ያሰናበታቸውና የቱሌንን አሰልጣኝ በምትካቸው የወሰደባቸው ናቸው። ትንሹ አሳድጎ የሰጠውን፣ ትልቁ ሲጥለው ሌላው ትንሽ አነሳው። በዚህ ጊዜ ዋጋው የታወቀ ሰው በመሆናቸው፣ የቨርጂኒያው ዩኒቨርሲቲ ከገበያው ስህተት ማትረፉን የሚቀጥል መሆን አለመሆኑ ከእሳቸው ውጤት ይታያል።