ከክረምት በፊት የየቲሞችን ቤት መጠገን



በሱረቱል ከህፍ እንደተወሳው፣ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እና ኸድር (ዐ.ሰ.) ወደ አንዲት ከተማ ደርሰው ምግብ ቢጠይቁ የሚያስተናግዳቸው አላገኙም። በዚያችው ከተማ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አዩና ኸድር አቃኑት፤ ዋጋም አልጠየቁበትም። ግድግዳው የሁለት የቲሞች ነበር፤ ከሥሩም የእነርሱ የሆነ ሀብት ተቀብሮ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ለየቲሞች የምትሰጡት ድጋፍ ለቀለብ፣ ለልብስና ለትምህርት ይውላል። ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ግን ዱቄቱ ይሻግታል፣ ደብተሩ ይርሳል፣ ሕፃናቱም በብርድ ይታመማሉ። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ሁለት ቀን ለዚህ ሥራ ብትመድቡ ትልቅ ሰደቃ ነው። አናጢ መሆንም አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ሚስማር መንቀል የሚችል መዶሻ፣ ጉጠት፣ መጋዝ፣ ሜትር፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ የግንበኛ ማንኪያና ጠንካራ መሰላል። ጓንት አይዘንጋ፤ የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ቤተሰብ መግዛት የለበትም። የአንድ መስጂድ ጀመዓ አንድ ሙሉ የመሣሪያ ሣጥን ወቅፍ ቢያደርግ ለብዙ ቤቶች ይበቃል።

የሥራው ቅደም ተከተል ከመሣሪያው ይበልጣል። እኛ ራሳችን በአንድ ወቅት ጣሪያውን ሳንነካ የአንዲትን እናት ግድግዳ በጭቃ መርገን፣ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ምርጉ ተልጦ ወለሉ ላይ ወድቆ አግኝተነዋል። በመጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ በመጨረሻ ግድግዳ።

የጣሪያውን ቀዳዳ ለማግኘት በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቶ ከውስጥ ሽቅብ መመልከት ይበቃል፤ ብርሃን የሚያስገባው ቦታ ውኃም ያስገባል። የሚንጠባጠብበት ቦታ ግን ሁልጊዜ ቀዳዳው ያለበት አይደለም፤ ውኃ በቆርቆሮው ሥር ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ሊወርድ ይችላልና። የላላ ሚስማር ተነቅሎ ጎማ ባለው ረዘም ያለ የቆርቆሮ ሚስማር ይተካል። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይደለም። ትንሽ ቀዳዳ በሬንጅና በጨርቅ ይደፈናል። ዝጎ ያለቀ ቆርቆሮ ሲቀየር፣ የአዲሱ ላይኛ ጫፍ ከበላዩ ካለው ቆርቆሮ ሥር መግባት፣ ታችኛው ጫፍ ደግሞ ከበታቹ ያለውን መደረብ አለበት፤ መደራረቡም ከ15 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው የሚስማሩን መስመር እየተከተለ ይርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት አለና። ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርብ ካለፈ ጭራሹኑ አይወጣም። በቤቱ ውስጥ ያለውን የመብራት መስመርም ለባለሙያው መተው ነው።

ለግድግዳው አፈርና የጤፍ ጭድ በውኃ ተቦክቶ ይረገጣል፤ ለጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላም እንደገና ይረገጣል። ችኮላ እዚህ ላይ ይጎዳል፤ በደንብ ያልቆየ ጭቃ ይሰነጠቃል። አሮጌው ግድግዳ ውኃ ተርከፍክፎበት ምርጉ በስሱ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ስንጥቁን የሚሸፍን ሁለተኛ ልባስ ይደገማል።

ከሥራው በፊት የቤቱን እናት ማማከር ግዴታ ነው፤ የትኛው ጥግ እንደሚያፈስ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንዶች ብቻችሁን ሳይሆን ከባለቤቶቻችሁ ወይም ከእኅቶቻችሁ ጋር ሂዱ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ቤቱን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይወቅ። ከፍ ያለው ልጅ ሜትሩን ይያዝ፣ ሚስማሩን ያቀብል፤ ወደ ጣሪያው ግን አይውጣ። በሚቀጥለው ዓመት የላላውን ሚስማር ከሥር አይቶ የሚነግራችሁ እርሱ ነውና።

የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ኢንሻአላህ፣ የተረፈውን ሬንጅ ይዛችሁ ተመለሱ። ያላያችሁት ቀዳዳ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።