«በካሬ ስንት?» ከማለት በፊት

በቦሌ መንገድ ደንበልን አልፎ ወደ ኦሎምፒያ የሚዘልቅ ሰው፣ ከፎቆቹ መስታወት ጀርባ ያለው ግድግዳ ሁሉ ብሎኬት መስሎት ከሆነ ወደ ውስጥ ገብቶ በጣቱ መታ መታ ያድርገው። ብዙው እንደ ከበሮ ይጮሃል። ጂፕሰም ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለ ፎቁ ወለሉን ባዶውን ያከራያል፣ ክፍል የመክፈሉ ጣጣ የተከራዩ ነው። በብሎኬት ልክፈል ቢል ግንበኛ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ ልስን፣ ከዚያም ልስኑ እስኪደርቅ መጠበቅ ይከተላል፤ ኪራዩ ግን ይቆጥራል። ክብደቱም አለ። ተለስኖ ያለቀ የብሎኬት ግድግዳ በካሬ ከ100 ኪሎ በላይ ሲመዝን፣ በሁለት ፊቱ አንድ አንድ ጂፕሰም የለበሰው ከ30 ኪሎ አይዘልም። መኖሪያ ቤትም ያው ነው። ሳሎኑን ቆርሶ አንድ ክፍል ማውጣት የፈለገ የገርጂ ወይም የሰሚት ባለ ኮንዶሚኒየም መጀመሪያ የሚጠራው የጂፕሰም ሠራተኛ ነው።

ዕቃው አዲስ አይደለም። ኦገስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ ጂፕሰምን ከወረቀት ጋር አነባብሮ ሰሌዳ የማድረጉን ፈጠራ ያስመዘገበው በ1894 እ.ኤ.አ. ነበር። በእኛም አገር ጀሶ የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ ጀሶም ይኸው ድንጋይ ተቃጥሎ ተፈጭቶ ነው። ድንጋዩ በዓባይ ሸለቆ ሞልቷል፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከክሊንከር ጋር ይፈጩታል። በገበያው በብዛት የሚሸጠው ቦርድ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ደግሞ ፕሮፎርማ ይዞ ወር መቆየት አያዋጣም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ገዢው ሁሉ ሥራ ተቋራጩን የሚጠይቀው «በካሬ ስንት?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጎደሎ ነው። ካሬው የአንድ ፊት ነው ወይስ የሁለት? 4 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከ70 ከፍታ ያለው ግድግዳ 10.8 ካሬ ነው፤ ሁለቱም ፊት ሲቆጠር 21.6 ይሆናል። ርካሽ የመሰለው ዋጋ በአንድ ፊት የተሰጠ ከሆነ በርክክቡ ቀን ሒሳቡ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ጭቅጭቅ የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። በርና መስኮቱ ከካሬው ይቀነሳል ወይ? ስቱኮና ቀለሙስ በዋጋው ውስጥ ነው? ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ተካቷል ወይስ በኋላ ይጨመራል? እነዚህ ሳይጻፉ ቀብድ አይሰጥም።

ዕቃውን ራሱ መቁጠር የሚፈልግ ሰው ይቻለዋል። የተለመደው ቦርድ 1.20 በ2.40 ሜትር፣ ማለትም 2.88 ካሬ ነው። ለዚያው ግድግዳ በአንድ ፊት አራት ቦርድ ያስፈልጋል። አራተኛው ቦርድ ለ40 ሳንቲም ብቻ ይቆረጥና ትርፉ ከላይ ለጎደለው 30 ሳንቲም ይውላል። በድምሩ ስምንት ቦርድ ነው። ቋሚ ብረቱ በየ60 ሳንቲም ሲቆም ስምንት፣ ጠበቅ ብሎ በየ40 ሲቆም አሥራ አንድ ይሆናል። አሥራ አምስት ቦርድ አስጭኖ የሚጠይቅ ሰው የሌላ ሰው ግድግዳም ሊሠራ አስቧል። አምስት ብረት ብቻ አቁሞ ቦርድ መምታት የጀመረውም እንዲሁ መቆም አለበት፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ በር በተዘጋ ቁጥር ይንቀጠቀጣል።

ውፍረትም ይለካ። ለጣሪያ የሚውለው 9 ሚሊ ገደማ፣ ለግድግዳ የሚሆነው 12 ሚሊ ገደማ ነው። ከተለበጠና ቀለም ከተቀባ በኋላ ሁለቱን ማን ይለያቸዋል? መታጠቢያ ቤትና ማዕድ ቤት አጠገብ አረንጓዴ ወረቀት የለበሰው እርጥበት የሚችለው ይግባ። እሱም ቢሆን እርጥበት ይችላል እንጂ ውኃ አይችልም። ብረቱን በጣት ጫን ሲሉት የሚታጠፍ ከሆነ ይመለስ።

ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን ራስዎ ይገኙ። ቴሌቪዥን ወይም ቁም ሳጥን የሚሰቀልበት ቦታ ከጀርባው ሞራሌ ይግባለት፤ ባዶ ቦርድ ላይ የገባ ብሎን ከነዕቃው ይወርዳል። የመብራት መስመሩን ፎቶ ያንሱት። ለቢሮ ከሆነ ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ሳይሆን እስከ ላይኛው ስላብ ድረስ ይውጣ። ኮርኒሱ ላይ በቆመ ፓርቲሽን ውስጥ የተመከረ ምስጢር በኮርኒሱ ላይ ዞሮ ጎረቤት ቢሮ ይደርሳል። በመካከሉ የሚገባው ሮክ ውልም ለድምፅ እንጂ ለጌጥ አይደለም።

ጥገናው ከመትከሉ ይቀላል፣ መንስኤው ከታወቀ። በመገጣጠሚያው ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ሜሽ ሳይለጠፍ በስቱኮ ብቻ የተሸፈነ ነው፤ ደግሞ ቢቀቡት ደግሞ ይሰነጠቃል። ተፍቆ ሜሹ ተለጥፎ፣ ስቱኮው ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እየደረቀ ይመታል። በክረምት በአንድ ቀን ጨርሼ አስረክባለሁ የሚል ሰው አይታመን። የበር እጀታ የበሳው ቀዳዳ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ከጀርባው እንጨት ገብቶለት፣ በልኩ ቁራጭ ይሞላል። ቡናማ እድፍ ያወጣና በአውራ ጣት ሲጫን የሚሰረጉድ ግን መቀየር አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ቧንቧ ይታይ።

በኮንዶሚኒየሞች የገባው አግሮስቶን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከሸንኮራ አገዳ ገለባና ከማግኒዥየም ማያያዣ የተሠራ ሰሌዳ ሲሆን፣ ውኃ ሲቆይበት ይጎዳል። ብዙ ባለሙያ በላዩ ጂፕሰም ልምታልህ ይላል። እርጥበቱ ሳይቆም መሸፈን ገንዘብን መቅበር ነው።

ስለ ክፍያ፦ ይህ ጸሐፊ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ሠራተኛውን በእጅ ዋጋ የሚያሠራውን ሰው ይመርጣል፣ ቀን ተቀን መቆም ለሚችል። ለማይችል ከነዕቃው ይስጥ፣ ግን ክፍያው በደረጃ ይሁን፤ ብረቱ ሲቆም፣ ቦርዱ ሲመታ፣ ስቱኮው ሲያልቅ። ከመቶ አሥሩ ደግሞ ርክክቡ ካለፈ አንድ ወር በኋላ ይከፈል፤ ስንጥቁ ከወጣ የሚወጣው በዚያ ጊዜ ነው። ደላሎች አይቆጡን እንጂ፣ ባለሙያውን ያመጣው ሰው ከሁለቱም ወገን መቀበሉ የተለመደ ነውና ሰውየው ከዚህ በፊት የሠራውን ግድግዳ ሄዶ ማየቱ አይከፋም። ከዓመት በፊት የሠራውን ይጠይቁት፣ የትናንቱ ሁልጊዜ ያምራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃ ሠሪውን ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ድንጋጌው የታሰበው ግን ለሕንፃ ነው። ለፓርቲሽን በዚያ መተማመን አያዋጣምና የራስዎን የዋስትና ጊዜ በውሉ ላይ ያስፍሩ።

ተከራዮች አንድ ነገር ይቀራቸዋል። ውሉ ሲያልቅ ፓርቲሽኑ የማን ነው? ተከራዩ ነቅሎ ይሄዳል፣ ባለ ፎቁ ግምቱን ይከፍላል ወይስ ወለሉ እንደ ቀድሞው ባዶውን ይመለሳል? ተነቅሎ የሚተርፈው ብረቱ ነው፤ ቦርዱ ባመዛኙ ይሰባበራል። ይህ አንቀጽ ከኪራይ ውሉ ጋር ቢጻፍ ከባለ ፎቁ ጋር የሚደረገው ድርድር ገና ቁልፉ ሳይወሰድ ያልቃል።