ትራምፔትና የነፊዎቹ ምክር

ትራምፔት ለተመልካች ቀላል፥ ለነፊው ግን ጽኑ የሆነ መሣሪያ ነው። ርዝመቱ ለአንድ ሜትር ተኩል ጥቂት የሚጎድለው የናስ ቧንቧ ተጠምዝዞ፥ ከአንዱ ጫፍ ከንፈር የሚያርፍበት ጽዋ መሰል መግጠሚያ፥ ከሌላው ጫፍ ድምፁ የሚወጣበት ሰፊ አፍ፥ ከመካከሉም በሦስት ጣቶች የሚጫኑ ሦስት ፒስተኖች አሉት፤ ከዚህ በላይ ምሥጢር የሚመስል ነገር በአካሉ ላይ አይገኝም። ሆኖም ይህን ቧንቧ መንፋት የኑሮ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ፥ በልምምድ ክፍልም ይሁን ከመድረክ ጀርባ፥ ጨዋታቸው ወዲያው ወደ ምክር ያዘነብላል፤ የትኛው መግጠሚያ ለማን እንደሚስማማ፥ ከረጅም ዝግጅት በኋላ ያበጠ ከንፈር እንዴት እንደሚያርፍ፥ ላዩ ያማረ አሮጌ መሣሪያ ውስጡ ጤነኛ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ አንዱ ይጠይቃል፥ ሌላው ይመልሳል፥ ሦስተኛው ይቃወማል።

የዚህን ምክር ብዛት ምክንያት ለመረዳት፥ አስቀድሞ ድምፁ ከወዴት እንደሚወለድ ማወቅ ያስፈልጋል። በበገና የሚንቀጠቀጠው ጅማት ነው፥ በመሰንቆ የፈረስ ጭራ ነው፥ በክላሪኔት ቀጭን ሸምበቆ ነው፤ በትራምፔት ግን የሚንቀጠቀጠው የገዛ ራሱ የነፊው ከንፈር ነው። ነፊው ከንፈሮቹን ገጥሞ እስትንፋሱን በመካከላቸው ሲያሳልፍ እጅግ ፈጥነው ይከፈታሉ፥ ይዘጋሉም፤ ኦርኬስትራ የሚቃኝበትን «ላ» የተባለውን ድምፅ ሲያሰማ ይህ መከፈትና መዘጋት በአንድ ሰከንድ 440 ጊዜ ይደረጋል። የናሱ ድርሻ ይህን ደካማ እንቅጥቅጥ ተቀብሎ ማጉላትና ማሳመር ነው። የበገና ጅማት ቢበጠስ ሌላ ይወጠራል፥ የክላሪኔት ሸምበቆ ቢሰነጠቅ ሌላ ይገዛል፤ ከንፈር ግን ሥጋ ስለ ሆነ ምትክ የለውም። እንግዲህ ነፊዎች እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡት ምክር፥ መልኩ ልዩ ልዩ ቢሆን፥ ሥሩ ሲመረመር ይህን የማይተካ ሥጋ ስለ መጠበቅ የሚናገር ሆኖ ይገኛል።

በጥንት ዘመን መለከት የጥሪ መሣሪያ ነበረ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ሙሴ ማኅበሩን የሚጠራባቸውንና ሰፈሩን የሚያስነሣባቸውን ሁለት የብር መለከቶች እንዲያሠራ ታዝዞ እናነባለን፤ በግብፅም በ1922 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታችም ሌላ ካልተባለ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በተገኘው የንጉሥ ቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ ሁለት መለከቶች ወጥተው፥ በ1939 በቢቢሲ ራዲዮ ሲነፉ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ የኖረ ዝምታቸው ተሰበረ። እንዲህ ያለው ፒስተን የሌለው ቧንቧ የሚሰጠው በተፈጥሮ የተመደቡለትን ድምፆች ብቻ ነው፤ እነርሱም ከታች ተራርቀው ከላይ ተቀራርበው የተደረደሩ ስለ ሆኑ፥ ዜማ ለመጫወት የሚወድ ነፊ እጅግ ከፍ ወዳለው ስፍራ መውጣት ነበረበት፤ በዚያ ከፍታ መዋል ደግሞ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ በላይፕሲግ ከተማ ለዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ይነፋ የነበረው የጎትፍሪድ ራይኸ ታሪክ ያስረዳል። ራይኸ በ1734 ለገዥው ክብር በሌሊት በአደባባይ በተደረገ ዝግጅት ላይ በነፋ ማግሥት ሞተ፤ የከተማው ዜና መዋዕል ጸሓፊም ለሞቱ ምክንያት የሆኑት የመንፋቱ ድካምና የችቦው ጢስ ናቸው ሲል መዘገበ።

ይህን ሸክም ለማቅለል ብዙ ተሞክሯል። የቪየናው ነፊ አንቶን ቫይዲንገር በቧንቧው ላይ ቀዳዳና ቁልፍ ያለው ትራምፔት ይዞ በመነሣቱ፥ ዮሴፍ ሃይድን በ1796 ዛሬም በየትምህርት ቤቱ የሚጠናውን ኮንቼርቶ ጻፈለት፤ መፍትሔው ግን የጸናው ሽቶልስልና ብሉመል የተባሉት ጀርመናውያን ነፋሱን ወደ ተጨማሪ ቧንቧ ለሚመራው ስልታቸው በ1818 በፕሩሲያ የባለቤትነት መብት ከተቀበሉ፥ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላም የፓሪሱ ፔሪኔ ፒስተኑን አሁን ወዳለው መልክ ካቀረበው በኋላ ነው። መካከለኛው ፒስተን ሲጫን ድምፁ በግማሽ ቶን፥ የመጀመሪያው ሲጫን በአንድ ቶን፥ ሦስተኛው ሲጫን በአንድ ቶን ተኩል ይወርዳል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውና ሦስተኛው አብረው ሲጫኑ ተጨማሪዎቹ ቧንቧዎች ለሁለቱ በአንድነት በቂ ርዝመት ስለሌላቸው ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ቧንቧ ላይ ቀለበት ተሠርቶ የግራ እጅ ጣት ገብቶበት በጨዋታ መካከል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጀማሪ ከአንጋፋ ከሚቀበላቸው ምክሮች አንዱ ይህን ጣት ሥራ ፈት አታድርግ የሚለው ነው።

ከምክሮች ሁሉ ክርክር የሚበዛበት ስለ መግጠሚያው የሚሰጠው ነው። በኦስትሪያ ተወልዶ የመሐንዲስነት ትምህርት የተማረው ነፊ ቪንሰንት ባክ በ1918 በኒው ዮርክ መግጠሚያ ማበጀት ጀምሮ፥ ነፊዎች እስከ ዛሬ የሚግባቡበትን የቁጥርና የፊደል ምልክት ትቶ አለፈ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የጽዋው ስፋት ይጨምራል፥ ፊደሉም ከኤ ወደ ኤፍ በወረደ መጠን ጥልቀቱ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ከተማሪ መሣሪያ ጋራ የሚሸጠው 7ሲ የሚባለው መካከለኛ ልክ ነው። ጥልቀቱ የቀነሰ ጽዋ ከፍ ያለውን ድምፅ ያቀርባል፥ ነገር ግን ድምፁን ያቀጥነዋል፤ ሰፊና ጥልቅ የሆነው ድምፁን ያወፍራል፥ ዳሩ ግን ያልበረታውን ከንፈር ቶሎ ያደክማል። በጽዋና በጽዋ መካከል ያለው የስፋት ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፥ ለዚህ ሲሉ መሳቢያቸውን በመግጠሚያ የሞሉ ነፊዎች ጥቂቶች አይደሉም። አዲስ መግጠሚያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ማሰኘቱ የታወቀ ነው፤ ከንፈር ወደ ልማዱ ሲመለስ የቀድሞው ጉድለት አብሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ በዕድሜ የበሰሉት ነፊዎች የሚመክሩት አንዱን መርጦ ብዙ ወራት ታግሦ ማየትን ነው።

ስለ መሣሪያው ግዢ ያላቸው ምክር ይበልጥ ይስማማል፤ በርካሽ የተሠራ የሚያብለጨልጭ አዲስ ከመግዛት የታወቀ ሠሪ የሠራውን አሮጌ መግዛት ይሻላል ይላሉ። አሮጌውን የሚገዛ ሰው ግን ልዩ ልዩ ፈተና ያደርግበታል። በመጀመሪያ የመቃኛውን ቧንቧ ስቦ፥ ከመግጠሚያው በኩል ወደ ውስጥ በብርሃን ይመለከታል፤ ናስ የመዳብና የዚንክ ውሕድ በመሆኑ፥ የነፊው ትንፋሽና ምራቅ ለዓመታት ሲያርፍበት ዚንኩ እየተበላ መዳቡ ስለሚቀር፥ ሐምራዊ ነጠብጣብ ከታየ ቧንቧው ሊበሳሳ ተቃርቧል ማለት ነው። ቀጥሎ ከፒስተኖቹ አጠገብ ያለ አንድ ተሳቢ ቧንቧ ፒስተኑን ሳይጫን ይስባል፤ ሲወጣ «ጷ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ፒስተኑ አየር አያስወጣም፥ ሳይሰማ ከቀረ ግን ተበልቷል። ከገዛ በኋላም ፒስተኑን አውጥቶ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ቀብቶ ሲመልሰው በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር ይመለከታል፤ ሁለተኛው በሦስተኛው ስፍራ ከገባ እስትንፋሱ መንገድ አጥቶ ይዘጋል፥ ተማሪውም መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። የተጣበቀ መግጠሚያ በጉጠት ታግሎ ማውጣትን ደግሞ ሁሉም አጥብቀው ይከለክላሉ፤ ለዚሁ የተሠራ መንቀያ አለና።

ስለ ልምምድ የሚነገረው ሁሉ ወደ ከንፈር የሚመለስ ነው። በፓሪስ ኮንሰርቫቱዋር መምህር የነበረው ዣን ባፕቲስት አርባን በ1864 ያሳተመው ታላቅ የማስተማሪያ መጽሐፍ እስከ አሁን ድረስ በነፊዎች ዘንድ የመጽሐፍ ቅዱስን ያህል ይከበራል፤ አሜሪካዊው የኮርኔት ሊቅ ኸርበርት ክላርክም በ1912 ባወጣው መጽሐፉ መልመጃዎቹ ዝግ ባለ ድምፅ እንዲነፉ አዝዟል፤ ምክንያቱም ኃይለኛ ድምፅ የከንፈርን ስሕተት ይሸፍናል፥ ለስላሳው ግን ያጋልጣል። ማለዳ ረጅም ድምፅ በለሆሳስ መያዝ፥ የነፉበትን ጊዜ ያህል ማረፍ፥ ከፍ ያለውን ድምፅ መሣሪያውን በከንፈር ላይ በመጫን ፈንታ በእስትንፋስ መፈለግ፥ ድካም ሳይመጣ ማቆም፤ እነዚህ አራቱ ከማናቸውም ነፊ አፍ የሚሰሙ ናቸው። ጫናው ሲበዛ የመግጠሚያው ክብ በከንፈር ላይ ቀይ ምልክት ትቶ ይቆያል፥ ደሙም መመላለሱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ድምፁ መሰንጠቅ ይጀምራል፥ የተሰነጠቀውንም በጉልበት ለማቅናት የሚታገል ሰው ጉዳቱን ያብሳል።

ይህ ማስፈራሪያ ብቻ አለመሆኑን የሉዊስ አርምስትሮንግ ሕይወት ይመሰክራል። በ1901 በኒው ኦርሊንስ የተወለደው ይህ ታላቅ ሰው በወጣትነቱ ከፍ ያሉ ድምፆችን በብርታት ሲደጋግም ከንፈሩ ቆስሎ ጠባሳ አበጀ፤ በዙር የሚደረጉ ዝግጅቶች ያለ ዕረፍት ሲከታተሉበት የመንፋት ሥራውን አቋርጦ ለማረፍ የተገደደበት ጊዜ ነበረ፥ ሐኪሞችም የነፊዎችን የከንፈር ጡንቻ መበጠስ እርሱ በተጠራበት ቅጽል ስም ሰይመውታል። በአንጻሩ በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከ1948 እስከ 2001 በመጀመሪያው ወንበር የተቀመጠው አዶልፍ ኸርሰት በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመኪና አደጋ ከንፈሩና ጥርሱ ተጎድቶ ሳለ፥ ወደ መድረኩ ተመልሶ የዘመኑ ነፊዎች ሁሉ ምሳሌ ለመሆን በቃ። በዚያው ኦርኬስትራ ቱባ ይነፋ የነበረው አርኖልድ ጄከብስ ለደቀ መዛሙርቱ ያስተምር የነበረውም፥ ዜማው በአእምሮ ውስጥ አስቀድሞ ከተዘመረና እስትንፋሱ ከበዛ፥ ከንፈር የቀረውን ራሱ ያገኘዋል የሚል ነበረ።

ሕጉን ሁሉ አፍርሶ የተሳካለትም አልጠፋም። መምህራን ጉንጭህን አትንፋ እያሉ ሲያስተምሩ፥ ዲዚ ጊለስፒ ጉንጮቹን እስከ አንገቱ ድረስ እየነፋ ከጃዝ ጌቶች አንዱ ሆነ፤ በ1953 በአንድ ግብዣ ላይ ሰው ወድቆበት አፉ ወደ ላይ የተቀለበሰውንም ትራምፔት፥ ድምፁ ወደ ጆሮው ስለ ቀረበለት ወደደው፥ ከዚያ ወዲያም እንደዚያው ተቀልብሶ እንዲሠራለት አዘዘ። ጀማሪ ግን ከእርሱ ሊማር የሚገባው ጆሮን ማመንን ነው፤ ጉንጩ ለእርሱ ብቻ የሠመረለት ነገር ነበርና።

በአገራችንም በቤተ መንግሥት አደባባይ መለከት ሲነፋ ኖሮ፥ በ1916 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም የሰሟቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች «አርባ ልጆች» ተብለው አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ የናስ መሣሪያ ጨዋታ አዲስ መልክ ያዘ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የቀድሞውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በክብር ዘበኛ፥ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ውስጥ ነፊ ነፊን አስተምሯል።

እንግዲህ ትራምፔት ሊማር የተነሣ ሰው ከምክሩ ብዛት የተነሣ መንገዱ ቢጠፋበት፥ ምክሩን በሁለት ወገን ይክፈለው። ስለ እስትንፋስ፥ ስለ ዕረፍትና ስለ ጫና የሚነገረው ሁሉም የሚስማሙበት ስለ ሆነ ሳይጠራጠር ይቀበለው፤ ስለ መግጠሚያ ቁጥር፥ ስለ ከንፈር አቀማመጥና ስለ ሠሪዎች ስም የሚነገረው ግን የተናጋሪውን ከንፈርና ጥርስ ታሪክ የያዘ ስለ ሆነ፥ በራሱ ላይ በትዕግሥት ፈትኖ ያልተስማማውን ይተው፤ ይህንም ሲያደርግ ድምፁን የሚሰማለት አንድ መምህር አጠገቡ ቢኖር፥ በመሳቢያ ሙሉ መግጠሚያ የማይገኝ ጥቅም ያገኛል።