ካምቢዮውን ሳያውቁ መኪና መግዛት
(በሬዲዮ ከተሰጠው ትምህርት የተወሰደ)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጭነት መኪና ነው። በተለይም በመኪናው ሆድ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር አንድ የብረት ሣጥን እንነጋገራለን። ሾፌሮች ካምቢዮ ይሉታል።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። በማታ ከማስተምራቸው ጎልማሶች መካከል አንድ ሾፌር አሉ። ከ4ኛ ክፍል ያቋረጡትን ትምህርት ነው አሁን የሚቀጥሉት። ሥራ የጀመሩት በረዳትነት፣ ጎማ እየፈቱና ሸራ እያሰሩ ነው። አሁን የሰው መኪና ይዘው ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ጭነት ያመላልሳሉ። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቆየት አሉና እንዲህ አሉኝ።

«መምህር፣ አንድ ያገለገለ ባለተሳቢ መኪና ለሽያጭ ቀርቧል። ከፊሉን ቆጥቤያለሁ፤ ቀሪውን ባንክ ያበድረኛል። ልግዛው ወይስ ልተወው? እስከ መቼ ለሰው እነዳለሁ?»

ባንኩ መያዣ የጠየቀው መኖሪያ ቤታቸውን ነው። ባለቤታቸው ደግሞ «ቤቴን ለብረት አልሰጥም» ብለዋል። እንግዲህ ነገሩ ቀላል አልነበረም።

እኔ መኪና መንዳት አላውቅም። ስለዚህ ተስማማን። እሳቸው ካምቢዮውን ያስተምሩኛል፤ እኔ ሒሳቡን አብሬያቸው እሠራለሁ።

ካምቢዮ ምንድን ነው?

ሞተር ይዞራል፤ ጎማም ይዞራል። ነገር ግን ሁለቱ እኩል አይዞሩም። የከባድ መኪና ሞተር በሥራ ላይ ሳለ በ1 ደቂቃ ከ1000 እስከ 2000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ደግሞ መኪናው 3 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጎማው ከሞተሩ እኩል 2000 ጊዜ ቢዞር በ1 ደቂቃ 6000 ሜትር መሆኑ ነው። ይህም በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ እንግዲህ የአይሮፕላን እንጂ የጭነት መኪና ፍጥነት አይደለም። ስለዚህ በሞተርና በጎማ መካከል ቆሞ የሚያስታርቅ ያስፈልጋል። ያ አስታራቂ ካምቢዮ ነው። ከኋላ ያለው ዲፈረንሻልም ያግዘዋል።

በሣጥኑ ውስጥ ክብ፣ ባለጥርስ ብረቶች አሉ። ማርሽ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። 20 ጥርስ ያለው ትንሽ ማርሽ 60 ጥርስ ያለውን ትልቅ ማርሽ ያዞራል እንበል። ትንሹ 3 ጊዜ ሲዞር ትልቁ የሚዞረው 1 ጊዜ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ወደ ሢሶ ይወርዳል፤ ጉልበቱ ግን 3 እጥፍ ይሆናል። ጆንያ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው እርምጃውን ያሳጥር የለ? ሜዳ ሲደርስ ደግሞ ያስረዝማል። አንደኛ ማርሽ አጭር እርምጃ ነው፤ ከፍተኛው ማርሽ ረጅም እርምጃ ነው።

አነስተኛ የጭነት መኪና 5 ወይም 6 ማርሽ ይበቃዋል። ከባዱ 10፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ አለው። ይህ ሁሉ ማርሽ በአንድ መቀየሪያ እንዴት ይገባል? በትልቁ ካምቢዮ ጀርባ ሌላ ትንሽ ካምቢዮ አለ። ሾፌሩ መቀየሪያው ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲነካ፣ በንፋስ ግፊት 5ቱ ዝቅተኛ ማርሾች ወደ 5 ከፍተኛ ማርሾች ይለወጣሉ። 5 ሲደመር 5፣ 10 ሆነ።

ይህን ያህል ማርሽ ለምን አስፈለገ? ጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ሲሚንቶው፣ ማዳበሪያው፣ ብረቱ ሁሉ ይህን ከፍታ መውጣት አለበት። የሚያወጣው ካምቢዮው ነው።

ለቁልቁለትም ያው ካምቢዮ ያስፈልጋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መኪና ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። አንዳንድ ሾፌሮች ናፍጣ የቆጠቡ መስሏቸው በዜሮ ማርሽ ይወርዳሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ዝቅተኛ ማርሽ የገባ እንደሆነ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። በዜሮ ሲወርድ ግን ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ቁጠባውም ቢሆን የለም። ማርሽ ገብቶ እግር ከናፍጣ መርገጫው ላይ ሲነሳ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ስለሆነ ናፍጣው ይቋረጣል። በዜሮ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ይህን ስሰማ እኔም ገረመኝ።

ታዲያ የሚሸጠውን መኪና እንዴት አዩት?

መጀመሪያ ሻጩ ያመጣላቸውን መካኒክ አልተቀበሉም፤ የራሳቸውን ይዘው ሄዱ። ሞተሩን አስነስተው መኪናውን በዜሮ ማርሽ አቆሙት። ከካምቢዮው ጩኸት ተሰማ። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ጩኸቱ ጠፋ፤ ሲለቁት ተመለሰ። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያለያይ ነው። ስለዚህ ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት ካምቢዮው ውስጥ ያለ የኩሽኔታ ጩኸት ነው። ጩኸቱ ደግሞ ደከም ያለ ነበር። «ዘይቱ ወፍሯል» አሉ መካኒኩ። ያረጀ ካምቢዮ ጩኸቱ እንዲታፈን ወፍራም ዘይት የሚሞሉ አሉ። ሰጋቱራ የሚጨምሩም አሉ ይባላል፤ ሰው ለገንዘብ የማያደርገው የለም።

ቀጥሎ ጭነት ጭነው ዳገት ላይ ሞከሩት። ሻጩ «በባዶው ይበቃል» ብለው ነበር፤ አይበቃም። በባዶ ደህና የሚመስል ማርሽ ጭነት ሲሰማው ነው አመሉን የሚያወጣው። 4ኛው ማርሽ እግር ከናፍጣ ላይ ሲነሳ ከቦታው ዘሎ ይወጣ ነበር። ጥርሱና የሚይዘው ክፍል ተበልቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ የካምቢዮው ዘይት ይፍሰስ አሉ። በብዙ ካምቢዮዎች ማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለ። እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ቢይዝ አያስደነግጥም፤ ብረት ከብረት ጋር ሲሠራ ይፈገፈጋል። እዚህ ግን ማግኔቱ ላይ የጥፍር ቁራጭ የሚያክሉ ስባሪዎች ተገኙ።

ወረቀቱንም አዩ። ማንበብ እዚህ ላይ ጠቀመ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር፣ መኪናው ብረት ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ቁጥሩ ገጠመ። መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ገና አልተጣራም ነበር። ሻጩ በውክልና እንጨርስ ሲሉ እሳቸው «ውልና ማስረጃ ሄደን በስሜ ይዙር» አሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። የምጠራቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዟቸው። መኪናው በወር 4 ጊዜ ይመላለሳል እንበል። ከእያንዳንዱ ምልልስ ናፍጣ፣ የረዳት ደመወዝና የመንገድ ወጪ ተቀንሶ 25000 ብር ይቀራል እንበል። 4 ጊዜ 25000፣ 100000 ብር ነው። ባንኩ በየወሩ 60000 ብር ይወስዳል። 40000 ብር ይቀራል።

እዚህ ላይ እሳቸው እርሳሱን አስቀመጡ። «በወር 40000! አሁን የማገኘው እኮ 15000 ነው» አሉ።

«ገና አልጨረስንም» አልኳቸው። መኪናው ከነተሳቢው 22 ጎማ አለው። ጎማ ዛሬ ባይገዛም ዛሬ እያለቀ ነው። ዘይት አለ፤ መለዋወጫ አለ፤ ግብር አለ። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። እሱም የሚከፍለው መኪናው ሌላውን ሰው ወይም ንብረት ሲጎዳ እንጂ ለራሱ መኪና አይደለም። ሙሉ መድን ቢገባም አርጅቶ ለተሰበረ ካምቢዮ አይከፍልም። ለዚህ ሁሉ በየወሩ 20000 ይቀመጥ። 20000 ቀረ። የራሳቸው የሾፌርነት ደመወዝስ? መኪናው ባይኖራቸውም ያንን 15000 ያገኙታል። እሱ ሲነሳ መኪናው ራሱ ያመጣው ትርፍ 5000 ብር ነው።

አሁን ካምቢዮው ተሰብሮ መኪናው 3 ሳምንት ቆመ እንበል። በዚያ ወር 1 ምልልስ ብቻ ይገኛል፤ 25000 ብር። ባንኩ ግን መኪናው ቆሟል ብሎ አይታገሥም፤ 60000 ይላል። 35000 ብር ጎደለ። በወር 5000 ትርፍ ይህን ለመሙላት 7 ወር ይፈጃል። የጥገናውን ዋጋና የቤቱን ቀለብ ገና አልነካንም።

ሌላውን ወገን ግን አልደብቅም። ብድሩ ሲያልቅ ያ 60000 ብር በየወሩ የሳቸው ይሆናል። ሰው መኪና የሚገዛውም ለዚህ ነው። የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ማርሽ ሲቀይር እንኳ ይጠነቀቃል። ጥያቄው መኪናው ብድሩ እስኪያልቅ ይደርሳል ወይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቢያንስ የ3 ወር የባንክ ክፍያና የአንድ ካምቢዮ ዋጋ በእጁ ሳይኖር ቤቱን የሚያስይዝ ሰው ይቸኩላል። እሳቸው በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። «እንዲህ ከተባለማ ማንም አይገዛም» አሉ። እሱም እውነትነት አለው።

ያንን መኪና ግን አልገዙም። ሻጩ ዋጋ ቀንሰው ነበር፤ ማግኔቱ ላይ ያዩትን ግን ሊረሱት አልቻሉም። አሁንም የሰው መኪና ነው የሚነዱት። ሆኖም የመኪናው ባለቤት ይመስል፣ በእያንዳንዱ ምልልስ የናፍጣውን፣ የዘይቱን፣ የጎማውንና መኪናው የቆመባቸውን ቀናት ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ደብተሩን ባለፈው ሳምንት አሳይተውኛል። በ6 ወር ውስጥ መኪናው የቆመው 31 ቀን ነው። ከዚያ ውስጥ 19ኙ በካምቢዮ ምክንያት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የሽያጭ ውል እንዴት እንደሚነበብ እንማራለን።