ያልተዘመረለት የሒሳብ ማስታወሻ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋውም፤ ሒሳብ ከኢንተርኔት ላይ ከየት ይጠና? ብዙ ሰው ካን አካዳሚ ይላል፤ ጥሩ መልስ ነው። የካልኩለስን ሐሳብ በሥዕል ማየት የሚፈልግ የግራንት ሳንደርሰንን የዩቲዩብ ቻናል፣ “ስሪ ብሉ ዋን ብራውን”ን ይከፍታል። ግራፍ ለመሳል ዴስሞስና ጂኦጀብራ አሉ። እኔ ግን ለማስጠናቸው ልጆች አስቀድሜ የምነግራቸው ቪዲዮ የሌለውን፣ ጽሑፍና ቀመር ብቻ የሆነውን “ፖልስ ኦንላይን ማዝ ኖትስ”ን ነው። ጉግል ላይ ይህንኑ ስም መጻፍ ይበቃል።

አዘጋጁ ፖል ዶኪንስ ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ቦሞንት ከተማ በሚገኘው ላማር ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች የጻፈውን ማስታወሻ ለማንም በነፃ ከፈተው። አልጀብራ፣ ከ1 እስከ 3 ያሉት ካልኩለሶችና ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን አሉበት። ምዝገባ የለውም። ሙሉ መጽሐፉን ወይም የሚፈለገውን ምዕራፍ ብቻ በፒዲኤፍ ማውረድ ይቻላል። ጥቅል እየቆጠረ ለሚገዛ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ረጅም ቪዲዮ ከሚፈጀው ዳታ ባነሰ ሙሉ መጽሐፍ ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ጥናቱ አይቋረጥም።

በስልክ ለምትከፍቱት አንድ ነገር፦ ስልኩን አግድም አዙሩት። ገጹ ራሱ ከላይ ያሳስባል። ማሳሰቢያውን ዘለው “ቀመሩ ተቆርጧል” የሚሉኝ ልጆች ግን አሁንም አሉ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ተማሪዎች ግን ሳይከፍቱ የሚያልፉት “ኮመን ማዝ ኤረርስ” የተባለውን ክፍል ነው፤ የተለመዱ የሒሳብ ስህተቶች ማለት ነው። ዶኪንስ በመጀመሪያ ያዘጋጀው ለካልኩለስ ተማሪዎቹ ነበር፤ ውስጡ ያለው አብዛኛው ስህተት ግን ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ አብሮን የሚያድግ ነው። በዜሮ ማካፈል፣ ቅንፍ መዘንጋት፣ የድምርን ስኩዌር እንደ ስኩዌሮች ድምር መቁጠር፣ የኢንተግራልን ቋሚ ቁጥር መርሳት፤ ሁሉም ተራ በተራ ከነምክንያታቸው ተጽፈዋል። ሌላ መጽሐፍ ትክክለኛውን መንገድ ያሳያል፤ ይህ ደግሞ እግር የሚያዳልጥበትን ቦታ ለይቶ ያሳያል።

እዚያው ክፍል ካሉት ስህተቶች ሌላ አንዱን ላስረዳ። √16 ስንት ነው? የምጠይቃቸው ልጆች አብዛኞቹ ያለማመንታት “ፕላስ ማይነስ 4” ይላሉ። አይደለም፤ 4 ብቻ ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ከማደባለቅ ነው። “ኤክስ ስኩዌር 16 ከሆነ ኤክስ ስንት ነው?” ሲባል መልሱ 4 እና −4 ነው፤ ሁለቱም በራሳቸው ሲባዙ 16 ይሰጣሉና። የ√ ምልክት ግን የተለየ ትእዛዝ ነው፤ ከሁለቱ ኔጋቲቭ ያልሆነውን ብቻ አምጣ ይላል። ፈንክሽን ስለሆነ ለአንድ ግቤት አንድ ውጤት ብቻ ነው የሚሰጠው።

አንድ ቀን አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ይህንኑ ክፍል ሳሳትም፣ ተራ ስትጠብቅ የነበረች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቱን አየችና “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስህተት ነው፤ ማይነሱ ቀርቷል” አለችኝ። የኳድራቲክ ፎርሙላን እንድትጽፍልኝ ጠየቅኋት። ጻፈች፤ ከስኩዌር ሩቱ ፊት ±ን አስቀመጠች። “ሩቱ ራሱ ሁለቱንም የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ምልክት ለምን ያስፈልግ ነበር?” አልኳት። ነገሩ ወዲያው ገባት። ከዚያ “ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ማንም አላረመኝም?” አለች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ብሔራዊ ፈተናችን የምርጫ ፈተና ነው፤ ተማሪው ፊደል ይመርጣል እንጂ የሄደበት መንገድ አይታይለትም። የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ ትክክለኛውን ፊደል የሚመታ ብዙ ነው፤ ስህተቱም ሳይገለጥ ከክፍል ክፍል አብሮት ያልፋል።

ካልኩለስ ላይ ሲደርስ ግን ይገለጣል። የኤክስ ስኩዌር ስኩዌር ሩት ኤክስ ነው ብሎ የለመደ ልጅ ተሳስቷል፤ ትክክለኛው የኤክስ አብሶሉት ቫልዩ ነው። በኤክስ ቦታ −3ን አስገቡ፤ ስኩዌሩ 9፣ የ9 ሩት ደግሞ 3 ነው፤ ወደ −3 አልተመለስንም። አሁን ይህን ሊሚት ሥሩ፦ ከላይ የኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1 ስኩዌር ሩት፣ ከታች ኤክስ፣ ኤክስ ወደ ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ሲሄድ። አብሶሉት ቫልዩን የዘነጋ 1 ይላል። መልሱ −1 ነው። ለማረጋገጥ ኤክስን −100 አድርጉት፤ ከላይ 100.005 ያህል፣ ከታች −100 ታገኛላችሁ። ፈተና የሚያወጣ ሰው 1ን እና −1ን በምርጫዎቹ ውስጥ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ ከልጅነት ጀምሮ ያልታረመችው √16 ያን ጊዜ ነጥብ ታስከፍላለች።

ስለ መልመጃዎቹም መናገር አለብኝ፤ አጠቃቀማቸው ያሳዝነኛልና። “ፕራክቲስ ፕሮብሌምስ” የሚባሉት ከነመፍትሔያቸው ተቀምጠዋል፤ የካልኩለሶቹ መፍትሔ ግን ተደብቆ ደረጃ በደረጃ ነው የሚከፈተው። አንዳንዱ ጥያቄ ፍንጭም አለው። ይህ ሁሉ የተደረገው ተማሪው ራሱ ሞክሮ፣ ሲያቅተው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍቶ ተመልሶ እንዲሠራ ነው። የእኛ ልጆች ግን ከላይ ያለውን “ሁሉንም አሳይ” ይጫኑና መፍትሔውን እንደ ልብ ወለድ አንብበው “ገብቶኛል” ይላሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሳይዙ ሒሳብ አይጠናም። “አሳይመንት ፕሮብሌምስ” የሚባሉት ደግሞ መፍትሔ አልተሠራላቸውም፤ ለምን የለም እያላችሁ አታማርሩ፤ መምህራን የቤት ሥራ አድርገው እንዲሰጧቸው ሆን ተብሎ የቀረ ነው።

ሲኩዌንስና ሲሪስ የምትፈልጉ ካልኩለስ 1 ውስጥ አትድከሙ፤ ካልኩለስ 2 ውስጥ ነው ያለው፤ ቬክተርም እዚያው ነው። ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና የኢንተግራል መግቢያ ካልኩለስ 1 ላይ አሉ። የ11ኛ ክፍሉን የፈንክሽን ትምህርት አልጀብራው በአብዛኛው ይሸፍነዋል። ስታቲስቲክስና ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ግን የሉትም፤ ፕሮባቢሊቲም ካልኩለስ 2 ውስጥ እንደ ኢንተግራል አጠቃቀም በአንድ ንዑስ ክፍል ብቻ ነው የተነካው፤ ለእነዚህ ካን አካዳሚና የራሳችሁ መማሪያ መጽሐፍ ይሻላሉ።

ፒዲኤፉን ከቴሌግራም ቻናል ሳይሆን ከራሱ ገጽ አውርዱ፤ በየቻናሉ የሚዞረው ብዙ ጊዜ የቆየ ወይም ገጹ የጎደለ ነው። ስታወርዱም ከካልኩለሱ በፊት የስህተቶቹን ክፍል አንብቡ።